ከካራቺ እስከ ቢቸና፦ አህጉራዊ የልማት ጉባኤዎችና የወረዳው ትምህርት ቤት

በየዓመቱ በመጀመሪያዎቹ የአውሮፓውያን ወራት ሁለት ሰፋፊ ጉባኤዎች ይደረጋሉ። አንደኛው በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ የሚካሄደው የእስያና የፓሲፊክ አገሮች የዘላቂ ልማት መድረክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ የሚደረገው የአፍሪካ አህጉራዊ መድረክ ነው። የአፍሪካው በ2015 ዓ.ም. በኒያሜ፣ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በ2017 ዓ.ም. በካምፓላ ተደርጓል። ሁለቱም በሐምሌ ወር በኒውዮርክ ለሚከፈተው የዓለም አቀፍ መድረክ መንደርደሪያ ናቸው፤ የዘመኑ ግቦች ወሰን እስከሆነው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስም በየዓመቱ እንዲደረጉ ተወስኗል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያላቸው ዓመታት በውጭው፣ የቀሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በቢቸና ወይም በሞጣ የሚያስተምር መምህር የዚህን ዓይነት ጉባኤ ወሬ በሬዲዮ ሲሰማ ጣቢያውን ወደ ሌላ ቢያዞር አይፈረድበትም። የስብሰባው ቋንቋ ደረቅ ነው፤ ቦታው ሩቅ ነው፤ ውሳኔውም ማንንም በሕግ አያስገድድም። ይሁን እንጂ ያው መምህር በመስከረም ወር የተማሪዎቹን ስም መዝግቦ በቅጽ ላይ የሚሞላው ቁጥር ከጉባኤው ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ቁጥር ነው። ጉባኤው የሚቆርጠው ዓመትና መቶኛም ዕቅድ፣ በጀትና የኮታ ደብዳቤ ሆኖ ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ጉባኤዎቹ ምን እንደሆኑ፣ ትምህርትን በሚመለከት ምን እንደ ወሰኑና ውሳኔያቸው በምሥራቅ ጎጃም ምድር ላይ ምን እንደ ገጠመው ለማብራራት ይሞክራል።

የኮሚሽኖቹ አመሠራረት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤቱ ሥር አምስት አህጉራዊ ኮሚሽኖች አሉት። የአውሮፓውና የእስያው በ1947 እ.ኤ.አ.፣ የላቲን አሜሪካው በ1948 እ.ኤ.አ.፣ የአፍሪካው በ1958 እ.ኤ.አ.፣ የምዕራብ እስያው በ1973 እ.ኤ.አ. ተቋቋሙ። የእስያው ኮሚሽን ሥራውን የጀመረው በሻንጋይ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ወደ ባንኮክ ተዛውሯል። ስሙም በመጀመሪያ የእስያና የሩቅ ምሥራቅ የኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚል ነበር። «ማኅበራዊ» የሚለው ቃል የተጨመረበት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትምህርት፣ ጤናና የሕዝብ ቁጥር ከብረትና ከሲሚንቶ እኩል የዕቅድ ጉዳይ መሆናቸው የታመነበትን ዘመን ያመለክታል።

የአፍሪካው ኮሚሽን መቀመጫ አዲስ አበባ ናት። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ መሐንዲሱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል በግንባሩ ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ታድሶም በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ብዙ ሰው አዳራሹን የሚያስታውሰው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ስለተፈረመበት ነው። ለመምህራን ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ የተደረገው ሌላ ስብሰባ ይበልጥ ሊታወስ ይገባዋል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የኮሚሽኖቹ ሥልጣን ምክር ነው። ገንዘብ አያድሉም፣ ሕግ አያወጡም። ኃይላቸው በማነጻጸር ላይ ያረፈ ነው፤ የጎረቤታሞችን አገሮች ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ያሰፍራሉ። አንድ መንግሥት ብቻውን ሲቀመጥ የማያፍርበት ቁጥር በእኩዮቹ መካከል ሲነበብ ያሳፍራል። እንደሚታየው ለኢትዮጵያም የደረሰባት ይኸው ነበር።

ካራቺና አዲስ አበባ

በ1960 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ የእስያ አገሮች የትምህርት ተጠሪዎች በዩኔስኮ ጠሪነት በካራቺ ተሰብስበው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ማለትም እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሰባት ዓመት ያላነሰ፣ ነጻና ግዴታ የሆነ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለልጆቻቸው ሁሉ ለማዳረስ ዕቅድ አወጡ። የካራቺ ዕቅድ የተባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የእስያ ስብሰባዎች አንድ ትልቅ ለውጥ አደረጉ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. በባንኮክ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በሲንጋፖር በተደረጉት ጉባኤዎች ላይ የትምህርት ሚኒስትሮች ብቻ ሳይሆኑ የኢኮኖሚ ዕቅድ ኃላፊዎችም እንዲቀመጡ ሆነ። ከዚያ ቀደም የትምህርት ሚኒስትሩ ተመኝቶ ይመለስ ነበር፤ ምኞቱን የሚከፍለው ሰው ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም።

በእኛ አገር የእነዚህን የሁለቱን ሥራዎች ወንበር በየተራ የያዙ ሰው የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በአንድ ወቅት የትምህርት ሚኒስትር፣ በሌላ ወቅት የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። በልጅነታቸው የተማሩትም በቢቸና አካባቢ በሚገኙት በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ጭምር ነው፤ ዲማን አንባቢ ሁሉ በታወቀው ልብ ወለዳቸው ያውቃታል።

ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ልማት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ጠሪዎቹ ዩኔስኮና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነበሩ። ጉባኤው ሁለት ዓይነት ግብ ቆረጠ። የአጭሩ ጊዜ ግብ በአምስት ዓመት ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኙትን ልጆች ከመቶ 40 ወደ 51፣ በሁለተኛ ደረጃ የሚገኙትን ከመቶ 3 ወደ 9 ማድረስ ነበር። የረጅሙ ጊዜ ግብ ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም የሚዳረስ፣ ነጻና ግዴታ እንዲሆን፣ አንደኛ ደረጃን ከሚጨርሱት ከመቶ 30ዎቹ ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከሚጨርሱት ከመቶ 20ዎቹ ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያልፉ የሚል ነበር።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። «ከመቶ 40» የአህጉሩ አማካይ ነበር። በዚያው ጊዜ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የነበሩት ለትምህርት ከደረሱት ልጆች ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ አስተናጋጇ አገር በጉባኤው ሠንጠረዥ ላይ ከመጨረሻዎቹ ረድፍ ተገኘች። ቀዳሚት ነጻ አገር ተብላ የምትጠራው ኢትዮጵያ ትናንት ከቅኝ ግዛት ከወጡት በታች ሆና መታየቷ ሚኒስቴሩን አሳፈረው፤ አዲስ የትምህርት ፖሊሲም ለማውጣት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። አማካይ ቁጥር ግን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሌላ ነገር ይደብቃል። የአፍሪካ አማካይ ኢትዮጵያን እንደ ሸፈነ ሁሉ፣ የኢትዮጵያ አማካይ ገጠሩን ሸፈነ፤ የአውራጃው አማካይ ደግሞ ሴቶች ልጆችን ሸፈነ። አንድ የዕቅድ ባለሙያ አማካይ ሲሰጠው የመጀመሪያ ጥያቄው «ከማንና ከማን ተደምሮ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

በነገራችን ላይ ያ ቆጠራ የዘመናዊውን ትምህርት ቤት መዝገብ እንጂ የቅኔ ቤቱን ጎጆ አይመለከትም ነበር። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ በደረጃ የሚሄድ፣ ተማሪው እህል ለምኖ የሚማርበት ሥርዓት ለዘመናት የኖረበት የዲማና የደብረ ወርቅ አገር በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሜዳ ሆኖ ተጻፈ። የቤተ ክህነቱ ትምህርት በዘመናዊው ቦታ ሊቆጠር ይገባ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሕዝቡ ለትምህርት ያለውን ዝንባሌ የሚያሳየውን ማስረጃ ከመጀመሪያው ያላየ ዕቅድ፣ የገጠሩ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሳይሰድ ሲቀር «ትምህርትን ስለማይወድ ነው» ወደሚል ድምዳሜ በቀላሉ ያዘነብላል።

ማን ይክፈል?

የአዲስ አበባው ጉባኤ አገሮች ለትምህርት የሚያውሉትን ገንዘብ ከብሔራዊ ገቢያቸው ከመቶ 3 ወደ 4 እንዲያሳድጉ መክሮ ነበር። በወረቀት ላይ የአንድ መቶኛ ጭማሪ ናት። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ የማትርቀው ቢቸና ብትጠየቅ ኖሮ ጉባኤው ሌላ መልስ ይሰማ ነበር።

በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 መሠረት የገጠር መሬት የትምህርት ግብር ይከፈልበት ነበር። በሐሳብ ደረጃ አዋጁ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ በየጠቅላይ ግዛቱ ለትምህርት ሥራ እንዲውል የታሰበ ነበር። በተግባር ግን ግብሩን የሚከፍለው ባላገሩ ሆኖ ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው በአመዛኙ በከተማ ነበር። ልጁን ከእነማይ ገጠር ወደ ቢቸና ከተማ ሊያስተምር የሚሻ ገበሬ ስንቅ ማቀበል፣ ማደሪያ መፈለግና በመኸር ጊዜ የሚረዳውን እጅ ማጣት ነበረበት። ይህን ለማይችል ሰው የትምህርት ግብር ለሌላ ሰው ልጅ የሚከፈል ገንዘብ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን ሽሮ ግብሩን በእርሻ ገቢ ላይ የተመሠረተ ሲያደርግ፣ ተቃውሞው ጠንክሮ የተነሣው በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ነው። የርስት ባለቤት የሆነው የጎጃም ገበሬ ገማቾቹ ሲመጡ የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ገቢን የሚገምት ነገ መሬቱን በቀላድ ይለካል፣ የተለካ መሬትም ርስትነቱ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበረው። በዚያ ላይ የአስተዳደሩ በደል ተጨመረ። ገበሬው መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥት ጦር፣ አውሮፕላንም ጭምር ላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ሌላ ተሾሙ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ለገበሬው ተተወለት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ መሬትና እንደ ግብር ጉዳይ ነው። ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ግን ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ የአዋጁ ዓላማ ከአሥራቱ የተሻለ ሥርዓት መትከል ሆኖ ሳለ ለገበሬው ያስረዳው ሰው አልነበረም፤ የመጣለት አስረጂ ሳይሆን ገማች ነው። ሁለተኛው፣ በመንግሥት የሚቆጠር ነገር ሁሉ ለግብር ይቆጠራል ብሎ የሚያምን ሕዝብ የሚሰጠው ቁጥር ትክክለኛ አይሆንም። የከብት ቁጥር ሲጠየቅ አሳንሶ የሚናገር ሰው የልጆቹን ቁጥርም ሲጠየቅ ለምን እንደ ተፈለገ ማመዛዘኑ አይቀርም። የስታቲስቲክስ ጥራት ከቀመሩ በፊት በመተማመን ላይ ይቆማል።

ሌላው የማይረሳ ጉዳይ የትምህርት ዘርፍ ጥናት ነው። በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ይህ ጥናት በ1964 ዓ.ም. ተዘጋጅቶ ያለቀ ሲሆን፣ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ገጠር በርካሽ ዋጋ ማዳረስን ከዋና ሐሳቦቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ቢሆን ሊያነጋግር የሚችል ነው። ነገር ግን ጥናቱ በሊቃውንትና በዕቅድ ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ፣ የሚሠራበት መምህር የሰማው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጊዜ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችም የድሃ ልጅ በአራተኛ ክፍል እንዲቀር ተፈረደበት ብለው ተቆጡ። ጥናቱ ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። መምህርን ሳያማክሩ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

የቀጠሮው ዓመት መሸጋገር

1980 እ.ኤ.አ. ደረሰ። አፍሪካም ሆነች እስያ በቀጠሮው አልተገኙም። በእስያ የደረሱት አገሮች ነበሩ፤ ሲመረመሩ ግን አብዛኞቹ ከካራቺ በፊት የጀመሩ ናቸው። ደቡብ ኮሪያ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. የግዴታ ትምህርት ማዳረሻ ዕቅድ አውጥታ በ1959 እ.ኤ.አ. ልጆቿን ከሞላ ጎደል ሁሉ አንደኛ ደረጃ አስገብታ ነበር። ስሪላንካ ነጻ ትምህርትን ያወጀችው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። ፓኪስታን ደግሞ ዕቅዱ በከተማዋ ስም የተጠራላት አገር ሆና ሳለ በ1980 እ.ኤ.አ. ከግቡ እጅግ ርቃ ተገኝታለች። ጉባኤ የጀመረውን ያበረታታል እንጂ ያልጀመረውን አያስነሣም።

በኢትዮጵያ እነዚያ ዓመታት ባዶ አልነበሩም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አስገኝቷል። በ1967 ዓ.ም. ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ያነሰው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ወደ 2.45 ሚሊዮን ደርሷል። በአንጻሩ፣ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በኋላ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ 63 ደረሰ የተባለውን የመንግሥት ቁጥር ሌሎች ግምቶች በብዙ ዝቅ ያደርጉታል። ፊደል መለየት፣ የምስክር ወረቀት መቀበልና ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ማንበብ መቻል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ቁጥር ሲጻፉ ግን አንድ ይመስላሉ።

ቀጠሮው እንደገና የተያዘው በእስያ ምድር ነው። በመጋቢት 1990 እ.ኤ.አ. በታይላንድ በጆምቲየን የተሰበሰበው የዓለም ጉባኤ «ትምህርት ለሁሉም» በሚል መሪ ቃል 2000 እ.ኤ.አ.ን ወሰን አደረገ። 2000 እ.ኤ.አ. ሲደርስ በዳካር ወደ 2015 እ.ኤ.አ. ተሸጋገረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ በኢንቺዮን ወደ 2030 እ.ኤ.አ. ተሸጋገረ። በካራቺ ዘመን አንደኛ ክፍል ያልገባ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አድርሶ ሊሆን ይችላል። የእስያው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በነበረው አካሄድ አህጉሩ አሥራ ሰባቱንም የዘላቂ ልማት ግቦች ከ2062 እ.ኤ.አ. በፊት እንደማይጨርስ ገልጿል። ለቅንነቱ ሊመሰገን የሚገባ ዘገባ ነው፤ ዓመቱን በየጊዜው በጸጥታ ከመግፋት ይሻላልና።

የመዝገቡ ቁጥርና ልጁ

ኢትዮጵያ ከጆምቲየን በኋላ ያደረገችው እርምጃ ትልቅ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 30 በታች ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከመቶ 100 አለፈ። ከመቶ 100 በላይ እንዴት ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሣልና ጥቂት እንቆይበት።

ጥቅል ተሳትፎ የሚሰላው በትምህርት ገበታ ላይ ያሉትን ተማሪዎች፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን፣ ዕድሜያቸው ለደረጃው ተገቢ በሆኑት ልጆች ጠቅላላ ቁጥር በማካፈል ነው። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ የሆኑ 100 ልጆች አሉ እንበል። ትምህርት ቤቱ 105 ተማሪ መዝግቧል፤ ከእነዚህ 40ዎቹ ዕድሜያቸው ያለፈ ናቸው። ጥቅል ተሳትፎው 105 ከመቶ ይሆናል፤ ንጥር ተሳትፎው ግን 65 ብቻ ነው። ሠላሳ አምስት ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፤ ሪፖርቱ ግን ከሙሉ በላይ ይላል። ከታች ያለው የሕዝብ ግምት ከእውነተኛው ካነሰ ደግሞ ሁለቱም መቶኛዎች ያለ አግባብ ያብጣሉ። የዕቅድ ባለሙያ ጥቅሉን ከንጥሩ ጎን ሳያስቀምጥ ለአለቃው ቢያቀርብ፣ አለቃው ቀጣዩን ትምህርት ቤት ለሌላ ቀበሌ ቢሰጥ ሊደንቀው አይገባም።

ሁለተኛው ችግር የወቅት ነው። የትምህርት ቤት መረጃ የሚሰበሰበው በዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ነው። የቢቸና አካባቢ የጤፍ አገር እንደመሆኑ የአጨዳና የውቂያ ሥራ ከኅዳር ጀምሮ የልጁን ጉልበት ይፈልጋል። በመስከረም የተመዘገበው ልጅ በጥር ከትምህርት ገበታው ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ በዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን እንደ ተመዘገበ ይኖራል። ቁጥሩ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ሚኒስቴሩ፣ ከዚያም ወደ ዩኔስኮ የስታቲስቲክስ ተቋም ይተላለፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ይደመራል እንጂ አይታረምም። ከዚያ በኋላ በጉባኤው ሠንጠረዥ ላይ ሲወጣ የማንም ልጅ ስም የለበትም። ስህተቱን ሊያርም የሚችለው ልጁን በስሙ የሚያውቀው የመጀመሪያው ሰው፣ ማለትም መምህሩ፣ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተመዝግቦ ስለ መማር ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበሩ። እነዚህ ልጆች የተሳትፎው መቶኛ ከፍ ባለበት ዘመን አንደኛ ክፍል የገቡ ናቸው። የኢንቺዮኑ ውሳኔ ከቀደሙት የሚለየው ከመግባት ይልቅ በመማር ላይ ስላተኮረ ነው፤ ሆኖም መማርን መለካት መግባትን ከመቁጠር እጅግ ይከብዳል፤ ገንዘብም ይጠይቃል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሰላም እጦት ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በ2016 እና በ2017 የትምህርት ዘመናት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል። ምሥራቅ ጎጃም ከዚህ አላመለጠም። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለፈውን ዓመት ቁጥር በመቶኛ አሳድጎ የዘንድሮ ብሎ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት «መረጃ አልደረሰም» ተብሎ ከሠንጠረዡ ሲወጣ አማካዩ ይሻሻላልና። ያልተዘገበው ትምህርት ቤት በዜሮ መጻፍ ወይም ለብቻው መጠቀስ አለበት።

ስለሚመጡት ስብሰባዎች

አህጉራዊ መድረኮቹ በየዓመቱ ሁሉንም ግቦች እኩል አይመረምሩም። ለ2026 እ.ኤ.አ. የተመደቡት ውሃ፣ ኃይል፣ መሠረተ ልማትና ኢንዱስትሪ፣ ከተሞች እንዲሁም የአገሮች አጋርነት ናቸው። ትምህርት በስሙ አልተጠራም። ይሁን እንጂ ቧንቧ የሌለው ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን የሚያጣ መሆኑን፣ መብራት በሌለበት የቤተ ሙከራ ዕቃ በሣጥን እንደሚቀመጥ ከመምህር የተሻለ የሚያውቅ የለም። መሠረተ ልማት ለሞጣ ሰው ሰባራ ድልድይ ነው። በአባይ ላይ የተሠራው ያ ጥንታዊ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ለብዙ አሠርት ዓመታት ኖሯል፤ የተጠገነውም በ1994 ዓ.ም. በውጭ አገር በጎ ፈቃደኞችና በአካባቢው ሕዝብ ጉልበት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለ ልጅ ለትምህርት ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል ተብሎ ሲጠየቅ በካርታ ላይ የሚለካው ርቀትና በእግር የሚለካው ርቀት አንድ አይደሉም።

ኢትዮጵያ በ2017 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ስለ ግቦቹ አፈጻጸም በፈቃደኝነት የሚቀርበውን ብሔራዊ ሪፖርት በኒውዮርክ አቅርባለች። ለዚህ ዓይነት ሪፖርት ዝግጅት የምክክር ስብሰባዎች ይጠራሉ። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወደ እንደዚህ ያለ ስብሰባ ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው የመቶኛ ሠንጠረዥ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አራት ነገር ይዞ ቢሄድ እመክራለሁ፦ ንጥሩን ከጥቅሉ ጎን፣ የሴቶችን ከወንዶች ለይቶ፣ የጥርን ቁጥር ከመስከረም ጋር፣ የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች በስማቸው። ይህ አዲስ ቅጽ አይጠይቅም። ሦስቱ ከክፍል መዝገብና ከዕለታዊ የመቅረት መቆጣጠሪያ የሚገኙ ናቸው፤ አራተኛው የወረዳው ሱፐርቫይዘር በቃሉ የሚያውቀው ነው። ወደ ዞን በሚላከው ሪፖርት ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፍ ተጨምሮ ቢላክም ይበቃል፤ ተቀባዩ የዞን ዕቅድ ክፍል ይህን ማስታወሻ ሲያጠቃልል ከሠንጠረዡ እንዳይለየው አደራ ማለት ያስፈልጋል።